ሺያትሱ ለመታሸት ለምታስቡ
ሺያትሱ፣ ቶኩጂሮ ናሚኮሺ የተባሉ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1940 ቶኪዮ ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው ያስፋፉት የጃፓን የማሳጅ ሕክምና ሲሆን፣ በዘይት ከሚታሸው ማሳጅ የሚለየው ልብስ ሳይወልቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ በአውራ ጣትና በመዳፍ ጫና የሚሰጥ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ሲሄዱ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ፤ ከባድ ምግብ በልተውም ወዲያው አይታሹ።

ባለሙያው አንዱን ቦታ ቀስ ብሎ ተጭኖ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ኃይሉ ከጣቱ ይልቅ ከሰውነቱ ክብደት የሚመጣ በመሆኑ ጫናው ጠለቅ ቢልም ሊያሠቃይ አይገባም፤ ካመመዎ ሳያፍሩ ይናገሩ። ብዙዎች ከአንገትና ከትከሻ መወጠር እንዲሁም ከጭንቀት ፋታ ያገኙበታል፤ በሽታ ይፈውሳል የሚለውን ግን፣ የሳይንስ ማስረጃው ገና ጥቂት ስለሆነ፣ እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ ማለፍ የሚሻል ይመስለኛል።

በእግር ደም ሥራቸው ውስጥ ደም የረጋባቸው ሰዎች ፈጽሞ መታሸት የለባቸውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ አጥንታቸው የሳሳ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ነፍሰ ጡሮችም፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥፍራ እንዳይጫንባቸው፣ መፀነሳቸውን ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ።