አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲመጣ፦ ፒኤችፒ እና ማይኤስኪውኤል

የደሴ፣ የኮምቦልቻና የባቲ ገበያ የእህል ዋጋን በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) የሚመልስ ትንሽ ዌብ ሰርቪስ በፒኤችፒ ፕሮግራሚንግ ቋንቋና በማይኤስኪውኤል 5.7 ዳታቤዝ እየሠራሁ ነበር። ዋጋው በትክክል ይመጣል። የከተማው ስም ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ! የዳታቤዙን ይዘት በሚያሳየው ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ግን አማርኛው ደህና ነው።

የገጹን ሜታ ቻርሴት (ፊደላቱ በየትኛው ኮድ እንደተጻፉ የሚናገረውን መግለጫ) አማርኛንም ወደሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ቀየርኩ። ምንም። የምላሹን ሄደር አስተካከልኩ፤ ያው ነው። ሰንጠረዡን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ-8) ልቀይር ስል ቀድሞውንም እሱው ነው።

ፍንጩ የተገኘው ምልክቶቹ ሲቆጠሩ ነው። «ደሴ» ሁለት፣ «ኮምቦልቻ» አምስት፦ ለአንድ ፊደል አንድ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ባይቶቹ እንደ ፊደል ሳይታወቁ ቀርተው ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ለአንድ ፊደል ሦስት ይሆን ነበር። ስለዚህ ዳታቤዙ ፊደሉን በደንብ ያውቀዋል፤ የሚጠፋው ሲወጣ መንገድ ላይ ነው። ከዚያው ስክሪፕት «ሾው ቫሪያብልስ» (የዳታቤዙን ቅንብሮች የሚያሳይ ትእዛዝ) ብዬ ስጠይቅ በፒኤችፒና በዳታቤዙ መካከል ያለው ግንኙነት ቻርሴት ላቲን1፣ ማለትም የግዕዝ ፊደል የሌለበት ኮድ፣ ሆኖ አገኘሁት። የ5.7 ነባሪው እሱ ነው፤ የተቀየረው በ8.0 ነው።

መፍትሔው፦ በፒዲኦ (ፒኤችፒን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) የግንኙነት መስመር ላይ፣ ከዳታቤዙ ስም ቀጥሎ፣ ቻርሴቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብሎ መጻፍ። በቃ። ሌላውን ማገናኛ፣ ማይኤስኪውኤልአይን፣ ለምትጠቀሙ «ሴት ቻርሴት» የሚለው ፈንክሽን ያንኑ ይሠራል። ምልክቱ ፒኤችፒማይአድሚን ላይም ከታየ ግን ፊደሉ የጠፋው ሲገባ ነው፤ ሰንጠረዡን አስተካክላችሁ ጽሑፉን ዳግም ማስገባት ግድ ይላችኋል።