ልጆች ይዞ እንጦጦ ወጥቶ በሰላም መመለሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ይዞ ለመዝናናት ሲወጣ መሄዱ ቀላል ነው። ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት የአራት ዓመት ልጄን አዝዬ ከእንጦጦ በእግሬ ስወርድ ነው።

1. መጀመሪያ መስመር ምረጡ። አንድነት ፓርክ፣ ሳይንስ ሙዚየም፣ ከዚያ ደግሞ ቦሌ ኬክ ቤት ብላችሁ ቀኑን አትሸንሽኑት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ልጆቹ ያዩት የመኪና ሰልፍ ብቻ ነው። አሁን የማውቀው አንድ መስመር አለ፦ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ። ሁሉም አንድ ዳገት ላይ ነው። መጀመሪያ እላይ ትወጣላችሁ፣ ስትመለሱ ብሔራዊ ሙዚየም ትገባላችሁ።

2. ቀኑ ቅዳሜ ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ እንጦጦን እርሱት። ታላቁ ሩጫ ባለበት እሁድ ደግሞ ከቤት ባትወጡ ይሻላል፤ መንገድ ይዘጋጋል።

3. ሹራብ ያዙ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ሜክሲኮ ላይ በካናቴራ የሚያልበው ልጅ እዚያ ከንፈሩ ይጠቁራል። ለሕፃን ጋሪ ሳይሆን አንቀልባ። ዳገት ላይ ጋሪ የሚገፋ አባት አይቼ አዝኛለሁ።

4. ቁርስ እቤት አጥግቡ፣ 2 ሰዓት ላይ ውጡ። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ በታክሲ መውጣት ይቻላል። ልጆች መስኮት ጋ ከተቀመጡ እሱም መዝናኛ ነው።

5. እላይ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ልጅ ያየውን ሁሉ ይፈልጋል። ስለዚህ «አንድ መጫወቻ ብቻ» የሚለውን ስምምነት እቤት ጨርሱ፤ በር ላይ መደራደር ከጀመራችሁ ተሸንፋችኋል። ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም ሂዱ። አፄ ምኒልክ የነገሡት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በ1882 ዓ.ም.። አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን ስታይ ልጄ «ንጉሥ ጭቃ ቤት ነው የሚኖረው?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አትቆጡ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርጣችሁ በእጃቸው ያሹት፣ ያሽትቱት። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣው በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ከተማዋ ስለተቸገረች እንደሆነ ንገሯቸው። ይህ ነፃ ነው፣ ከመጫወቻውም በላይ ያስታውሱታል።

6. መውረድ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ያን ቀን «ትንሽ ይጫወቱ» እያልን 11 ሰዓት ሆነ። ሁሉም ቤተሰብ የሚወርደው በዚያ ሰዓት ነው። ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ግን የለም፣ ስለዚህ የሚመለስ ባዶ መኪናም የለም። በስልክ ያዘዝኩት ሹፌር «የት ነህ? እንጦጦ? ባዶዬን ልወጣ?» ብሎ ዘጋብኝ። ሌላ ስሞክር ስልኬ ጠፋ፤ ሙሉ ቀን ፎቶ ሳነሳ ቻርጁ አልቋል። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ባለቤቴ ትልቁን ልጅ በእጁ ይዛ፣ እኔ ትንሿን አዝዬ ቁልቁል ጀመርን። እንጨት የተሸከሙ እናት እያለፉን «አይዞህ ልጄ፣ ቀርቧል» አሉኝ። አልቀረበም ነበር። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ መኪናው ደግሞ ከኋላ ድንገት ከች ይላል። ከልጅ ጋር በፍጹም አትሞክሩት።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። 6 ሰዓት ላይ መውረድ እጀምራለሁ፣ ልጅ ቢያለቅስም። ያኔ ገና የሚወጣ ሰው ስላለ ታክሲው ባዶውን ይመለሳል። አያቶች አብረውን ካሉ ግን ከሽሮ ሜዳ ኮንትራት እይዛለሁ። መኪናው ውስጥ ሳልገባ የደርሶ መልሱን ዋጋ እቆርጣለሁ፣ የሹፌሩን ስልክ ቁጥር እቀበላለሁ፣ የምከፍለው ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪውን ስንመለስ። ሙሉውን ከፍላችሁ «መጥቼ እወስዳችኋለሁ» ያለን ሹፌር አትጠብቁ። ከሁለታችሁ የአንዱ ስልክ ደግሞ ፎቶ አያንሳ።

7. ሽሮ ሜዳ ላይ አትቆዩ። የሐበሻ ልብስ ማየት ከተጀመረ ሙዚየሙ ቀረ ማለት ነው። ምሳ አምስት ኪሎ አካባቢ ብሉ፣ ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም።

ሙዚየሙን ሁሉ እናዳርስ አትበሉ። የደከመ ልጅ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፦ የጃንሆይን ትልቁን የእንጨት ዙፋንና ድንቅነሽን። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ናት፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ለእይታ የቀረበው ቅጂዋ ነው። ከቆመችው ቅጂ አጠገብ ልጃችሁን አቁሙት፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ ነው። የእኔዋ አምና እኩል ነበረች፣ ዘንድሮ በልጣታለች። ወዲያው «ለምን አላደገችም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አድጋ የጨረሰች ሴት እንደነበረች ለመመለስ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ፤ እኔ ያኔ «ስላልበላች ነው» ብዬ እስከ ዛሬ እራት በቀረበ ቁጥር ስሟ ይነሳል።