ጠባብ ክፍል፣ የጎልፍ ሲሙሌተር እና ሳይለካ የተገዛ ፕሮጀክተር

«ፕሮጀክተሩን ገዝቼ ጨርሻለሁ፤ መጥተህ መስቀል ብቻ ነው የቀረህ።» ይህን ስሰማ ሥራው ሳይጀመር ይደክመኛል። የቤት ውስጥ የጎልፍ ሲሙሌተር፣ ማለትም ኳሱን ወደ ስክሪን እየመቱ በፕሮጀክተር በሚታይ ሜዳ የሚጫወቱበትን፣ ስገጣጥም ዓመታት አልፈዋል። ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ስንት እንደከፈለ ወይም የማን ምርት እንደሆነ አልጠይቅም። የምጠይቀው «ኳሱ ከስክሪኑ በስንት ሜትር ላይ ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ነው። መልሱ ዝምታ ከሆነ ዕቃው ወደ ሻጩ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ትልቅ አዳራሽ ያለው ሰው በግምት ገዝቶም ሊያመልጥ ይችላል፤ ጠባብ ክፍል ግን ግምት አይወድም።

ርቀቱን ከግድግዳ መለካት

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ስለሆነ ብረዝም ታገሡኝ። ማንኛውም ፕሮጀክተር ትሮው ሬሾ የሚባል ቁጥር አለው። ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ለምስሉ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ማለት ነው። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማግኘት ሌንሱ 4.5 ሜትር መራቅ አለበት። 0.5 ከሆነ 1.5 ሜትር ይበቃዋል። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ልጅም ይሠራዋል።

አንድ ደንበኛዬ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ነበረው። «4.5 ሜትር ይፈልጋል፣ እኔ 5 ሜትር አለኝ፣ ይተርፈኛል» ብሎ 1.5 የሆነውን ለፊልም የሚስማማ ቆንጆ ፕሮጀክተር ገዛ። የረሳው ብዙ ነገር ነው። ኳስ የሚመታበት ስክሪን ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ጨርቁ ወደ ኋላ ገብቶ ኳሱን እንዲያበርድ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳው ወጥቶ ይሰቀላል። ርቀቱ የሚለካው ደግሞ ከሌንሱ እንጂ ከፕሮጀክተሩ ጀርባ አይደለም፤ ከጀርባው ገመዱና የአየር መውጫው ቦታ ይፈልጋሉ። «ይተርፈኛል» ያለው ግማሽ ሜትር በዚሁ አለቀ።

ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ፣ ተጫዋቹ ከስክሪኑ 3 ሜትር ላይ፣ ፕሮጀክተሩ ደግሞ ከተጫዋቹ ጀርባ፣ ከስክሪኑ 4.5 ሜትር ላይ መሆናቸው ነው። ሌንሱ ከወለል 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ የምስሉ ታችኛ ጠርዝም ከወለል 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢጀምር፣ ጨረሩ ተጫዋቹ በቆመበት ቦታ ወደ 1.73 ሜትር ይወርዳል። ሰውየው ከ1.80 ይበልጣል። ዱላውን ባነሳ ቁጥር የገዛ ጥላው ሜዳው መሀል ቆሞ ይጠብቀዋል። «ጎንበስ ብል አይጠፋም?» ብሎ ጠይቆኛል። ጎንበስ እያለ ጎልፍ የሚመታ እስካሁን አላየሁም። ያ ፕሮጀክተር ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ፊልም ያሳያል፤ ለፊልም መቼም ግሩም ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ስክሪኑ የሚሰቀልበትን ቦታ ወለሉ ላይ በቴፕ አስምሩ፤ ቀጥሎ ኳሱን፣ ከዚያ ቆሞ የሚመታውን ሰው። ከነዚህ ሁሉ የተረፈው የኮርኒስ ቦታ የት እንደሆነ ስታውቁ የሚያስፈልጋችሁ ትሮው ሬሾ ራሱ ይወጣል። በጠባብ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.8 ያለ ሾርት ትሮው (ከቅርብ ሆኖ ሰፊ ምስል የሚያወጣ) ነው የሚሆነው።

የዱላውን መንገድ መርሳት

ይህን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ሾርት ትሮው ፕሮጀክተር ከተጫዋቹ ፊት ለፊት ኮርኒሱ ላይ ይሰቀላል፤ ጥላ የለም፣ ሁሉም ደስተኛ ነው። ሌንሱ ከስክሪኑ 1.5 ሜትር፣ ኳሱ 3 ሜትር ላይ ከሆኑ በመካከላቸው 1.5 ሜትር አለ። ነገር ግን የፕሮጀክተሩ አካል ከሌንሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተጫዋቹ ነው የሚዘረጋው። 30 ሴንቲ ሜትር ከወሰደ 1.2 ሜትር ብቻ ቀረ። ኳስ ከተመታ በኋላ ዱላው ወደፊትና ወደ ላይ እንደሚሄድ ደግሞ አትርሱ።

እኔም ያንን መንገድ ለክቼ ነበር፤ የለካሁት ግን በሰባት ቁጥር ብረት። የሰባት ቁጥር ዱላ ወደ 94 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ድራይቨር የሚባለው ረጅሙ ዱላ 115 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የውድድር አዘጋጆች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ወሰን 46 ኢንች፣ ማለትም 116.8 ሴንቲ ሜትር ነው። በምርቃቱ ቀን ባለቤቱ ድራይቨሩን አውጥቶ አንድ ጊዜ ሲመታ የፕሮጀክተሩ ሽፋን ጥግ ተሰንጥቆ ወደቀ። ወጪውን እኔ ቻልኩ። ከዚያ ወዲህ ረጅሙን ዱላ፣ በቤቱ ረጅሙን ሰው፣ መጀመሪያ በቀስታ ከዚያም በሙሉ ጉልበት ሳላስመታ መሰርሰሪያ አላነሳም።

አልትራ ሾርት ትሮው «ለጠባብ ቦታ የተሠራ ነው» ብሎ መግዛት

ጠባብ ለሆነ ሳሎን፣ አዎ። ለዚህ ግን አይሆንም። ትሮው ሬሾው 0.25 ቢሆን ለ3 ሜትር ምስል ከስክሪኑ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ ወለል ላይ ካደረጋችሁት ኳሱ ተመልሶ የሚወድቀው በትክክል እዚያ ነው። ከዚህም ሌላ ብርሃኑ ስክሪኑን ጨርፎ ነው የሚያልፈው። ድርቅ ብሎ የተወጠረ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ የሚመታ ጨርቅ ላይ ግን ትንሿ ሽብሽብ ሳትቀር እንደ ማዕበል ትታያለች። ኳስ በመታችሁ ቁጥር ሜዳው ሲታጠፍ ታያላችሁ።

«ጠማማ ቢሆንም በኪስቶን ይስተካከላል»

ኪስቶን፣ ማለትም የጠመመ ምስል ማቃኛው፣ ምስሉን ቀጥ የሚያደርገው ፒክስል እየጣለ ነው። የጣለው ክፍል ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፤ ግራጫ ብርሃን ሆኖ ግድግዳውና የጎን መረቡ ላይ ያርፋል። ብዙዎቹ ሾርት ትሮዎች ዙምም ሌንስ ሺፍትም (ፕሮጀክተሩን ሳይነኩ ምስሉን ማንሸራተቻ) የላቸውም፤ ስለዚህ የተሰቀሉበት ቦታ 10 ሴንቲ ሜትር ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው። መጀመሪያ መሰላል ላይ አስቀምጡት፣ አብሩት፣ ምስሉ ያለ ምንም ማስተካከያ አራቱን ጥግ ሲሞላ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ብቻ ብሱ።

የምስሉን ቅርጽ አለማሰብ

ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ኮርኒሱ ረጅም ሲሆን 16 በ9 ምስል ቀጭን መቀነት ይመስላል። ስክሪኑ 2.8 ሜትር ስፋት ቢኖረው በ16 በ9 ቁመቱ 1.58 ሜትር ብቻ ነው፤ በ16 በ10 1.75 ይሆናል፤ በ4 በ3 ደግሞ 2.1 ሜትር። ኳሱ ከፍ ብሎ ሲሄድ ነጭ ጨርቅ ሳይሆን ሰማይ ማየት ከፈለጋችሁ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ልምድ ያላቸውም ይወድቃሉ። የ16 በ9 ፕሮጀክተር ይዛችሁ 4 በ3 ምስል ካወጣችሁ ርቀቱን በ2.8 አታስሉ። ቁመቱ 2.1 ሜትር እንዲሞላ የፕሮጀክተሩ ሙሉ ምስል 3.73 ሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ ይባክናል። በ0.5 ትሮው ሬሾ 1.4 ሜትር ያላችሁት ርቀት 1.87 ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ ፕሮጀክተሩም ወደ ዱላው ግማሽ ሜትር ያህል ቀረበ።

ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ሉመን ማመን

ሉመን የብርሃን መጠን ነው፤ በአንሲ ወይም በአይኤስኦ 21118 መስፈርት ካልተለካ ቁጥሩ ጌጥ ነው። መብራት በጠፋበት ክፍል፣ ለ3 ሜትር ስፋት፣ ከ3000 እስከ 4000 እውነተኛ ሉመን በቂ ነው። ካሜራ ያለው ላውንች ሞኒተር (የተመታውን ኳስ የሚለካው መሣሪያ) ኳሱ አካባቢ ብርሃን ከፈለገ አምፖሉ ወደ ምንጣፉ ይዙር፣ ስክሪኑን አይንካ። ብዙ ጊዜ «ፕሮጀክተሩ ደካማ ነው» ተብዬ ሄጄ ያስተካከልኩት አንድ አምፖል ነው።

ስለ ላውንች ሞኒተር ካነሳን፣ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ካላችሁ ሁለቱ ለአንድ ቦታ ይጣላሉ። ሞኒተሩ ከኳሱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ወደ ስክሪኑ በኩል ይቀመጣል። ፕሮጀክተሩ ከኋላው ከሆነ የሞኒተሩ ሳጥን ጨረሩ ውስጥ ሊገባና ሰማዩ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ሊያሳርፍ ይችላል። ሁለቱን አብራችሁ ለኩ።

ፎር ኬ? ፒክስሉ ከ1080 አራት እጥፍ ነው፤ ያምራል፣ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን ጠይቁት። ኢንፑት ላግ፣ የምስሉ መዘግየት? ለጎልፍ እርሱት፤ የቆመ ኳስ ነው የምትመቱት። ከአምፖልና ከሌዘር ደግሞ አቅም ካለ ሌዘር ውሰዱ። ብዙዎቹ 20,000 ሰዓት ተብሎ ይጻፍባቸዋል፤ የአምፖሉ ግን ጥቂት ሺህ ሰዓት ነው፣ ከዚያ በፊትም እየደበዘዘ ይሄዳል።

ከኳስ ለመከላከል ብላችሁ በእንጨት ሣጥን አትክደኑት። አንዱ ከድኖት በየሃያ ደቂቃው እየጠፋ «ተበላሸ» ብሎ ጠራኝ፤ ስከፍተው እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ከፊትና ከታች መከታ ይበቃል፣ የአየር መግቢያና መውጫው ክፍት ይሁን። በመጨረሻም ኬብሉ። ተራ ኤችዲኤምአይ ከ10 ሜትር በላይ ፎር ኬ ሲሸከም ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል፤ ለረጅም መንገድ የፋይበሩን ግዙ፣ ኮርኒሱን ከመዝጋታችሁ በፊትም አንድ ሙሉ ምሽት ተጫወቱበት።