አናቶሚን ከበጉ ጀምሩ

አንደኛ ዓመት ነርሲንግ ገብታችሁ ያንን ወፍራም የአናቶሚ ሃንድአውት ስታዩ "ይሄን ሁሉ በቃሌ ልይዝ ነው?" ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔም ደብረ ብርሃን ስማር፣ በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ 206ቱን አጥንት እንደ ዳዊት ስደግም አድሬ ፈተናውን አለፍኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግማሹ ጠፋብኝ። ስለዚህ ከሽምደዳው በፊት ይሄን ሞክሩ።

ለበዓል ቤት ስትሄዱ፣ መንዝም ይሁን አንኮበር፣ በግ መታረዱ አይቀርም። ጓንት አድርጉና የሆድ ዕቃው ሲወጣ አጠገቡ ቁሙ። ሆዱ እንደተከፈተ አንጀቱን የሸፈነ፣ መረብ የመሰለ ስብ ታያላችሁ። ሞራ ነው፤ ያ ሞራ ገላጭ የሚያነበው። መጽሐፉ ላይ ኦሜንተም ያሉት እሱን ነው። ጉበቱን ገልብጡት፣ ከሥሩ ሐሞት ከረጢት አለ፤ ጎልብላደር። ጣፊያ ስፕሊን ነው፣ ቆሽት ደግሞ ፓንክሪያስ። "ቆሽቴን አሳረረው" ስንል ኖረን ቆሽት የት እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከጨጓራ ጀርባ ነው ያለው። ኢንሱሊን የሚያመርተውም እሱ ነው።

ልቡ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በርዝመቱ ሰንጥቁትና የግራና የቀኝ ቬንትሪክልን፣ ደም የሚገፉትን የታች ክፍሎች፣ ግድግዳ በጣታችሁ ያዙ። የግራው በጣም ወፍራም ነው። ለምን? የቀኙ ደሙን የሚገፋው እዚያው ጎረቤቱ ወዳለው ሳንባ ነው፣ የግራው ግን ከአናት እስከ እግር ጥፍር መላክ አለበት። አንዴ በእጃችሁ ከነካችሁት ማን ወደ የት እንደሚረጭ ለመሸምደድ ሌሊት አታድሩም። ኩላሊቱንም ሰንጥቁ፤ ውጪው ኮርቴክስ፣ ውስጡ ሜዱላ። የሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሁለት ሊትር ነው። የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ይሄ አንድ ነጥብ ከገባችሁ የኩላሊት ፊዚዮሎጂ ግማሹ ገብቷችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የበግ ሆድ አራት ክፍል አለው፣ ሽንፍላውን አይታችሁ ሰው ላይ እንዳትፈልጉት። ሌላው፣ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካገኛችሁ አታፍርጡት፣ ለውሻም አትጣሉት፤ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ሃይዳቲድ ሲስት፣ የውሻ ትል እጭ የያዘ ከረጢት፣ ሊሆን ይችላል። ውሻው ከበላው ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድግና ዞሮ ወደ ሰው ይመጣል።

ከበጉ በኋላ የራሳችሁ ገላ አለ። ግራና ቀኝ ሲባል ሁልጊዜ የበሽተኛው ግራና ቀኝ ነው፣ ፊት ለፊቱ የቆማችሁት የእናንተ አይደለም። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ መዳፉን ወደ ፊት እንዳዞረ አስቡት። ያኔ አውራ ጣቱ ወደ ውጪ ይሆናል፣ በዚያ በኩል ያለው የክንድ አጥንት ራዲየስ ነው፣ የልብ ምት የምትቆጥሩበት የደም ሥርም ስሙን ከሱ ወስዶ ራዲያል ተባለ።

ቃላቱን ደግሞ ገነጣጥሏቸው እንጂ ሙሉውን አትሸምድዱ፣ ከጭራውም ጀምሩ። መጨረሻው "አይተስ" ከሆነ የሆነ ነገር ተቆጥቷል፦ ሄፓታይተስ ጉበት፣ ጋስትራይተስ ጨጓራ፣ ኔፍራይተስ ኩላሊት። "ኤክቶሚ" ቆርጦ ማውጣት ነው። "ታኪ" ፈጣን፣ "ብራዲ" ዘገምተኛ፤ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፣ ከዚያ ካለፈ ታኪካርዲያ፣ ካነሰ ብራዲካርዲያ። ሠላሳ አርባ ቁርጥራጭ ከያዛችሁ የማታውቁትን ቃል ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ።

ግን ተጠንቀቁ። "ሃይፖ" ዝቅ ማለት ነው፣ "ሃይፐር" ከፍ ማለት። ሃይፖግላይሴሚያና ሃይፐርግላይሴሚያ፣ የደም ስኳር መውረድና መናር፣ ጆሮ ላይ ይመሳሰላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ለአንዱ ስኳር ትሰጣላችሁ፣ ለሌላው ኢንሱሊን ይታዘዛል። ተረኛ ስትቀይሩ የስኳሩን ቁጥር ጨምራችሁ ተናገሩ። ኢሊየምን ደግሞ አትጠይቁኝ። አንዱ የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ አንዱ የዳሌ አጥንት፤ እንግሊዝኛው በአንድ ፊደል ይለያያል፣ በእኛ ፊደል ስትጽፉት ጭራሽ አንድ ነው። እኔ ፈተና ላይ አንጀቱን አጥንት አድርጌዋለሁ።

ፊዚዮሎጂ ለሚከብዳችሁ፣ ከቆላው ሸዋ ሮቢት የመጣ የክፍል ጓደኛ ካላችሁ ደብረ ብርሃን በገባ ሰሞን ደረጃ ሲወጣ እዩት። ያለከልካል፣ ልቡም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ኦክስጅኑ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ነው፤ የወረደው የአየሩ ግፊት ነው፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ያንሳል። ሰውነት ትንፋሽና ምት ጨምሮ ያካክሳል፣ ከርሞ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ሆሚዮስታሲስ የሚሉት ይሄንን ነው።

የመጨረሻው ሥራ ክፍል ውስጥ የማይሰጠው ነው፦ የበሽተኛውን አማርኛ መማር። አንዲት እናት "ልቤን" ብለው መጡ፣ እኔም ገና ተለማማጅ ነበርኩና ደረታቸው ላይ ተጣደፍኩ። አስተማሪዬ "እማማ፣ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ" አላቸው። እጃቸው ከደረት አጥንቱ በታች፣ ኤፒጋስትሪየም ላይ አረፈ። "እዚህ ጋ ልጄ፣ በርበሬ ስበላ ያቃጥለኛል።" ጨጓራ ነበር። አስተማሪዬ ግን በዚህ ብቻ አልለቀቃቸውም፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም እዚያው ቦታ ላይ ሊሰማ ስለሚችል፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ፣ ኢሲጂ፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ አስነሣላቸው። "ኩላሊቴን" የሚልም ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ወገቡን ነው፣ "ነርቭ" የሚል መደንዘዝም ሊሆን ይችላል ንዴትም። አንድ ደብተር ያዙና በግራ በኩል እነሱ ያሉትን፣ በቀኝ በኩል እጃቸው ያረፈበትን ቦታ ስም ጻፉ። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ መስመር "ልቤን — ኤፒጋስትሪየም፣ ግን ኢሲጂ ይነሣ" ይላል።