ለሰሜን ተራሮች ጓዝ ሲታሰር፦ ችግርና መፍትሄ

ጫማችሁን አስቀድማችሁ እንደለመዳችሁት፣ ድንኳኑን ቤት ሳላችሁ ዘርግታችሁ እንዳያችሁት፣ ስካውትና (የፓርኩን ታጣቂ አጃቢ) የጭነት በቅሎ መነሻችን ደባርቅ ከተማ ላይ እንደጨረሳችሁ ቆጥሬ ልለፍ። የማወራው የመጀመሪያው ሰፈር ሳንቃበር ላይ ስለማይታወቀው፣ ከዚያ ከፍ ያሉት የማደሪያ ሰፈሮች ግጭና ጨነቅ ላይ ግን ሰው ስለሚያስለቅሰው ነገር ነው።

«ስሊፒንግ ባጉ ወፍራም ነው፤ እኔ ግን ስንቀጠቀጥ አደርኩ»

ይህን ሳልሰማ የተመለስኩበት ጉዞ ትዝ አይለኝም። ሰው ወዲያው ዕቃውን ይረግማል። እኔ መጀመሪያ እጄን ከትቼ የእግሩን ጫፍ እዳብሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ነው።

የሚርሰው በቅሎዋ ላይ ነው። ጫኙ ጓዙን ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ልክ ነው፤ ካላጠበቀው ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ይዞርበታል። ግን ከስሊፒንግ ባጉ አጠገብ ምን አለ? ክዳኑ የላላ ጀሪካን፣ የዘይት ጠርሙስ፣ በጤዛ የራሰ ድንኳን። ገመዱ ሲጨምቃቸው ሁሉም ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ወዳለው ላባ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ በረዶ ከወረደ ደግሞ ማዳበሪያ ውሃ አይመልስም። ያቺ ከቦርሳው ጋር የምትመጣው ስስ የዝናብ ልብስማ ለሰው ጀርባ የተሰፋች ናት። ገመድ ሲያርፍባት ትተረተራለች።

አንዱ ጨነቅ ላይ ስሊፒንግ ባጉን ሲፈታ ዘይት ተንጠባጠበ። ዘይት የጠጣ ላባ ፀሐይ ላይ ቢውልም አይነፋም። ሰውዬው በሁለት ጋቢና በምግብ አብሳዩ ካፖርት ተጠቅልሎ አደረ። ሌላዋ «እኔ ጠቅልዬዋለሁ» ብላ ኮራ ብላ ነበር። የጠቀለለችው በሱቅ ፌስታል ነው! ግጭ ስንደርስ የቀረው የፌስታሉ እጀታ ብቻ ነበር።

እንዲህ አድርጉ። ሁለት ወፍራም የቆሻሻ ላስቲክ ግዙ። ስሊፒንግ ባጉን አንዱ ውስጥ ክተቱና በጉልበታችሁ ተጭናችሁ አየሩን አስወጡ። አፉን ጠምዝዙ፣ እጠፉ፣ እሰሩ። ሁለተኛውን ላስቲክ በተቃራኒው በኩል አልብሱት፤ የአንዱ አፍ በሌላው ቂጥ ይሸፈን። ከዚያ ወደ ቦርሳ፣ ቦርሳው ወደ ማዳበሪያ። ፈሳሽ ነገር ሁሉ በበቅሎዋ ሌላ ጎን ይጫን። ይህን ለጫኙ ጠዋት፣ ገመድ ሳያነሳ ንገሩት። ካሰረ በኋላ ፍታ ማለት ሰውን ማስቀየም ነው።

ደረቅ ሆኖም ከበረዳችሁ ከስር ያለውን እዩ። የተጫናችሁት ላባ አያሞቅም፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ስፖንጅ ወይም ፍራሽ ያዙ። ቀን በላብ የራሰውን የጥጥ ቲሸርት ለብሳችሁ አትተኙ። የማታ ሹራብ፣ ሱሪና ካልሲ እዚያው ላስቲክ ውስጥ ይደሩ፤ ቀን ቀን አይነኩ። ለማሞቂያ ብላችሁ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ የፈላ ውሃ አትቅዱ። ይጨማደድና እላያችሁ ላይ ያፈሳል። የብረት ኮዳ ያዙ።

«ጃኬቴ በቅሎዋ ላይ ነው»

ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ሁሉም ያወልቅና ይጭናል። እናንተ እሜት ጎጎ በሚባለው የገደል አፋፍ ስትዞሩ በቅሎዎቹ በአቋራጭ ይሄዳሉ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፤ ገደሉ አፍ ላይ ንፋሱ ቆሞ አያስወራም። ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ መድኃኒት፦ እነዚህ ከጀርባችሁ አይወርዱም። ስካውቱ ጋቢውን ከትከሻው የማይለየው ለጌጥ መሰላችሁ?

«ሶሉ ተገነጠለ»

ሳልቫጅ ተራ የተገዛ፣ አዲስ የሚመስል ጫማ ነው። ዓመታት ተቀምጦ ማጣበቂያው ደርቋል፤ ድንጋይ ሲነካ አፉን ይከፍታል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሏል፤ ይበል። ሰፊ ፕላስተር ኮዳችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ያዙና ጫማውን ዙሪያውን እሰሩበት። ሱፐር ግሉ ደባርቅ እንኳ አያደርሳችሁም።

«ምስሩ አልበስል አለ»

ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቢፈላም ጥራጥሬ ቶሎ አያበስልም። ሽሮና በሶ ያዙ። ጥራጥሬ ካማራችሁ ማታውን ዘፍዝፉት።

ስልክ በብርድ ከጠፋ፦ ከፓወር ባንኩ ጋር ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር። ላይተር እምቢ ካለ፦ ክብሪት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

«ራሴን አመመኝ፣ ምግብ አስጠላኝ»

ይህ የከፍታ ህመም ሊሆን ይችላል፤ ጓዝ አይፈታውም። እዚያው እረፉ፤ ሳይለቃችሁ ከፍ አትበሉ። የህመም ማስታገሻ ውጦ መውጣት ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ከፍታውን አይቀንስም። ሰውየው ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ማታም ቢሆን አውርዱት። አንዲት ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ወደ ራስ ዳሸን ለመሄድ ከጨነቅ በቧሂት ተራራ በኩል ተሻግራችሁ ወደ መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ። ስትመለሱ ያንኑ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ዳገት ነው የምትወጡት። ስለዚህ ጨነቅ ላይ ራሱን የሚያመው ሰው ቧሂትን አይሻገር። በቅሎዎቹ ተጭነው ቢሆን እንኳ አስፈቱ፤ እዚህ ላይ ጫኙም አይቀየምም።