የልብ ምት ኪኒንና ጉበት፦ አሚዮዳሮን የሚወስድ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የልብ ምቱ ተዛብቶ አሚዮዳሮን የታዘዘለት ሰው ሐሳቡ ሁሉ ልቡ ላይ ነው። ጉበቱን የሚያስታውሰው የለም።

«ምንም አላመመኝም» ብሎ ምርመራ መዝለል

ጉበት ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊት አንዴ፣ ከዚያም በየ6 ወሩ የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። የመድኃኒቱ ክብደት 37 በመቶ ያህሉ አዮዲን ስለሆነ አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይድም አብሮ ይታያል።

ውጤቱን ሲቀበሉ ኤስጂፒቲ (ALT ተብሎም የሚጻፍ፣ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ከጎኑ የጤናማው መጠን ጣሪያ ተጽፏል። ጣሪያው 40 ሆኖ የእርስዎ 55 ቢመጣ፣ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን ሳይነካ ይከታተላል። 120 ካለፈ ግን፣ ማለትም ከጣሪያው 3 እጥፍ ካለፈ፣ ኪኒኑን መቀነስ ወይም ማቆም ይታሰባል። ከመነሻው ከፍ ብሎ ለነበረ ሰው ደግሞ የመነሻው እጥፍ መሆኑ ብቻ ይበቃል። መነሻው የሚታወቀው ከድሮው ወረቀት ነውና አይጣሉት፤ እኔ ብሆን አጥፌ ኪኒኑ ካርቶን ውስጥ አኖረዋለሁ።

ቢጫ ዓይንን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሥር መጠጣት

በእኛ ዘንድ የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ ሲጠቁር ጎረቤት መድኃኒት አዋቂ ይጠቁማል። የተቀጠቀጠው ቅጠልም የሚያልፈው በዚያው በተጎዳ ጉበት ነው፤ ኋላ ሐኪሙ ጥፋቱ የኪኒኑ ይሁን የቅጠሉ መለየት ያቅተዋል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ፣ የኪኒኑን ካርቶንም ይያዙ።

በራስ ፈቃድ ማቆም

አሚዮዳሮን ስብና ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ካቆሙት በኋላ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 58 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ የጉበት ክትትሉም ይቀጥላል። የልብ ምቱ መዛባት ደግሞ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ሌላ የሚወስዱትን አለመናገር

የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ከሆነ ደም ከልክ በላይ ይቀጥናል፤ የዋርፋሪኑ መጠን ብዙውን ጊዜ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀነሳል። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። የግሬፕፍሩት ጭማቂም ይቅር።

«አዮዲን የሌለው ይቀየርልኝ» ብሎ መዘናጋት

የአሚዮዳሮን ዘመድ የሆነው የልብ ምት መድኃኒት ድሮኔዳሮን አዮዲን የለውም። ሆኖም በጥር 2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለ ከባድ የጉበት ጉዳት አስጠንቅቋል፦ ይህን መድኃኒት ሲወስዱ ከነበሩት መካከል ሁለት ሴቶች ጉበት እስከመቀየር ደርሰው ነበር።