ኳሷን ወደ ሰማይ የምትልከው ኤርሶፍት
ወንድሜ አዲስ የገዛትን የኤምፒ 5 ጠመንጃ አምሳያ ኤርሶፍት (የፕላስቲክ ኳስ የምትተኩስ መጫወቻ መሣሪያ) ደሴ ግቢያችን ውስጥ ሞከርናት። መያዣዋ ጠንካራ፣ ባትሪዋም ደህና ነው። ግን 6 ሚሊ ሜትሯ የፕላስቲክ ኳስ ትንሽ ሄዳ ሽቅብ ትወጣለች።

ጣጣው ሆፕ አፕ የሚባለው ማስተካከያ ነበር። እዚያ ያለችው ትንሽ ጎማ ኳሷን ከላይ ጫን ብላ ወደ ኋላ ታሽከረክራታለች። ኳሷን አየር ላይ የሚያቆያት ይሄ ሽክርክሪት ነው። ጫናው ሲበዛ ወደ ላይ ትነሳለች፣ ሲያንስ ቶሎ ትወድቃለች።

ኳሶቹን አውጥቼ ባትሪውን ነቀልኩ። የቱቦውን ቅባት በንጹህ ጨርቅ ጠረግኩ። ከጦሳ ተራራ በኩል ንፋስ በሌለበት ጠዋት ማስተካከያውን ዜሮ ላይ መልሼ፣ በ0.20 ግራም ኳስ እየሞከርኩ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርኩ። አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ በጣም ደስ ይላል!

መከላከያ መነጽር ግን የግድ ነው። ከግቢም ይዛችኋት አትውጡ፣ ከሩቅ ላያት እውነተኛ መሣሪያ ነው የምትመስለው።